የድሬ ዳዋ ጥላ፦ ለሞቃት ከተማ የሚሆን ዛፍ እንዴት ይመረጣል?

በጃንጥላ ቅርጹና እንደ እሳት በሚንቦገቦገው ቀይ አበባው የሚታወቀው ዛፍ በሀገራችን «የድሬ ዳዋ ዛፍ» እየተባለ ይጠራል። ሳይንሳዊ ስሙ ዴሎኒክስ ሬጂያ ነው። ይሁን እንጂ ዛፉ የድሬ ዳዋ ተወላጅ አይደለም፤ የትውልድ ሥፍራው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የማዳጋስካር ደሴት ናት። በከተማዋ መንገዶችና ግቢዎች በስፋት የሚታየውና ለእግረኛው ጥላ የሚሰጠው ኒም ደግሞ የደቡብ እስያ ዛፍ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው ቆላ በስፋት የተንሰራፋው እሾሃማው ፕሮሶፒስም ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው።

ሦስቱም ዛፎች ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የመጡት ሰው ስለመረጣቸው ነው። አንደኛው ለውበት፣ ሁለተኛው ለጥላ፣ ሦስተኛው በረሃማነትን ለመከላከል ተመረጡ። ሁለቱ ከከተማው ሕይወት ጋር ተዋሕደው ሲኖሩ ሦስተኛው የግጦሽ መሬትን የሚውጥ ወራሪ ሆነ። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ለአንድ ከተማ ዛፍ የሚመረጠው በምን መመዘኛ ነው? መራጩስ ማን ሊሆን ይገባል? በዚህ ጽሑፍ ድሬ ዳዋን እንደ ምሳሌ ወስደን የፊዚክስ፣ የሥነ ሕይወትና የአስተዳደር እውቀት ተባብረው ለጥያቄው የሚሰጡትን መልስ እንመለከታለን።

ከተማዋና የአየር ጠባይዋ

ድሬ ዳዋ የባቡር ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) እዚህ ሲደርስ ባዶ በነበረው ሜዳ ላይ ከተማ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። የባቡር ኩባንያው የሠፈረበት ከዚራ ቀጥ ባሉና ሰፋፊ በሆኑ መንገዶች የተነደፈ በመሆኑ ለመንገድ ዳር ዛፍ ቦታ ተረፈው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን ጠባብና ጠመዝማዛ መንገዶች ያሉት የገበያ ሠፈር ሆኖ አደገ። ይህ የአሠራር ልዩነት ዛሬም የዛፍ ጥላ በሁለቱ ሠፈሮች በሚያርፍበት ሁኔታ ላይ ይታያል።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በደቡብ በኩል የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሰሜን በኩል መሬቱ ወደ ቆላው እያዘቀዘቀ ይሄዳል። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሴልሲየስ ይጠጋል። ዓመታዊው የዝናብ መጠን ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም የራቀ አይደለም፤ እርሱም በበልግና በክረምት ተከፍሎ የሚወርድ ነው። አፈሩም ሆነ የከርሰ ምድር ውኃው ከኖራ ድንጋይ ጋር የተያያዘ በመሆኑ የካልሲየም ካርቦኔት ይዘቱ ከፍተኛ ነው። በእንዲህ ዓይነት አፈር ውስጥ ብረት ለሥር በቀላሉ አይሟሟም፤ ስለዚህ ጸባዩን የማይችሉ ዕፅዋት ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ይጫጫሉ። በአዲስ አበባ ያማረ ዛፍ በድሬ ዳዋ ላያምር ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ጥላ ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን ዛፍ «አየሩን ያቀዘቅዛል» እንላለን። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ የሚጨፈልቅ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ጥላ ነው። ደመና በሌለበት ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር አግድም መሬት ላይ የሚወርደው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ አክሊል ከዚህ ውስጥ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ሊያስቀር ይችላል። ሙቀት መለኪያ ከጥላው ውስጥና ከጥላው ውጭ ብንሰቅል የአየሩ ሙቀት ልዩነት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። የሰው አካል የሚሰማው ልዩነት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ምክንያቱም አካላችን ከአየሩ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይ ጨረር፣ እንዲሁም ፀሐይ ካጋለችው አስፋልትና ግድግዳ የሚመነጨውን ሙቀት ይቀበላል። አስፋልት በበጋ ቀትር ከ60 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሊግል ይችላል። የተጠለለ አስፋልት ግን ይህን ያህል አይግልም፤ ምሽትም ላይ መልሶ የሚተፋው ሙቀት አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከቅጠል የሚወጣው ትነት ነው። ዛፍ በሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ወደ አየር ያተናል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን ወደ 2.4 ሜጋ ጁል የሚደርስ ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። በቀን 50 ሊትር የሚያተን ዛፍ አለ ብለን ብናስብ፣ የሚወስደው ሙቀት 120 ሜጋ ጁል ወይም 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ 1,000 ዋት የሚስብ ምድጃ ለ33 ሰዓት ያህል ከሚያመነጨው ሙቀት ጋር እኩል ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ወሳኝ ነጥብ አለ። ዛፍ ውኃ ሲያጥረው የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ትነቱም ይቀንሳል። ይህም የሚሆነው ሙቀቱ በሚበረታበትና ማቀዝቀዣው ይበልጥ በሚፈለግበት ወቅት ነው። ጥላው ግን ቅጠሉ እስካለ ድረስ አይጠፋም። ስለዚህ ውኃ እንደ ልብ በሚገኝበት ከተማ ትነትም ጥላም ሲያገለግሉ፣ እንደ ድሬ ዳዋ ባለ ከፊል በረሃማ ሥፍራ ይበልጥ ልንተማመንበት የሚገባው ጥላውን ነው። ከዚህም የመጀመሪያውን መመዘኛ እናገኛለን፦ በጥቂት ውኃ የሚኖር፣ በሞቃቱ ወራት ቅጠሉን የማያራግፍ ዛፍ ይመረጣል።

ጥላው የት ይውደቅ?

ዛፉን መምረጥ ብቻ በቂ አይደለም፤ ቦታውም መመረጥ አለበት። ድሬ ዳዋ የምትገኘው በ9.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ነው። በዚህም ምክንያት ፀሐይ በቀትር ልክ በአናት ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ 7 እና በነሐሴ 22 አካባቢ ነው። በእነዚህ ቀናት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ደግሞ ወደ ደቡብ። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ አናት ስለምትቀርብ የቤቱን ጣራ ታግላለች እንጂ ግድግዳውን እምብዛም አታገኘውም።

ግድግዳውን የምታጠቃው ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላም ከምዕራብ ነው። ከሁለቱ የከፋው የምዕራቡ ነው፤ የከሰዓት በኋላው ጨረር የሚመጣው አየሩና መሬቱ ቀድሞ ከጋለ በኋላ ነውና። በግንቦት ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የፀሐይ ከፍታ ወደ 45 ዲግሪ ይጠጋል። በ45 ዲግሪ የአንድ ነገር ጥላ ርዝመት ከቁመቱ ጋር እኩል ስለሚሆን፣ 8 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ 8 ሜትር ጥላ ይጥላል ማለት ነው። ስለዚህ ቦታና በጀት ለአንድ ዛፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ያ ዛፍ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከጤና ጣቢያው በስተምዕራብ ከ4 እስከ 6 ሜትር ርቆ ቢተከል የተሻለ አገልግሎት ይሰጣል።

በመጋላ ባሉት ጠባብ መንገዶች ግን ስሌቱ ይለወጣል። እዚያ ግድግዳዎቹ ራሳቸው እርስ በርስ ይጠላለላሉ፤ ዛፍ ቢተከል መተላለፊያውን ያጣብባል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ሠፈር ዛፍ የሚገባው በግቢ ውስጥና በገበያ አደባባዮች ነው። ለከዚራ የተነደፈን የተከላ እቅድ በመጋላ ላይ መገልበጥ አይቻልም።

የውኃው ሒሳብ

አንድ ችግኝ በደረቁ ወራት በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ያስፈልገዋል ብለን እናስብ። ለ10,000 ችግኝ በሳምንት 200,000 ሊትር ውኃ ይሆናል። ይህን ለማድረስ 10,000 ሊትር የሚይዝ የውኃ ቦቴ በየሳምንቱ 20 ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል። ደረቁ ጊዜ 30 ሳምንት ቢሆን አንዱ ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት 600 ሊትር ይጠጣል። የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ከከርሰ ምድር ጉድጓዶች በፓምፕ የሚወጣ በመሆኑ ይህ መጠን ቀላል ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም። ከነዋሪው ጀሪካን ጋር የሚሻማ ዛፍ ወዳጅ አያገኝም።

ሌላ አማራጭ አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣራ ላይ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 30,000 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ግማሹ እንኳ ቢያዝ ለ25 ችግኞች የዓመት ቀለብ ነው። የጣራና የመንገድ ዳር ጎርፍ ወደ ችግኝ ጉድጓድ እንዲገባ አድርጎ ዝቅ ያለ ገንዳ መሥራት፣ አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ጉዝጓዝ መሸፈን፣ ውኃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ በጥልቀት ማጠጣት የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። በጥልቀት የጠጣ ችግኝ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ ላይ ላዩን የጠጣ ግን ሥሩ በላይኛው አፈር ውስጥ ቀርቶ በመጀመሪያው ድርቅ ይጠወልጋል።

እጩዎቹን እንመርምር

ኒም ለምን እንደተስፋፋ አሁን ግልጽ ይሆናል። በዓመት ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ ዝናብ ይኖራል፣ ፈጥኖ ያድጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለምለም ነው፣ የኖራ አፈር ይስማማዋል፣ ፍየልም እንደ ሌሎች ቅጠሎች አትሻማበትም። በሳዑዲ ዓረቢያ በአረፋት ሜዳ ለሐጅ ተጓዦች ጥላ እንዲሆን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ኒም የተተከለው በእነዚሁ ጸባዮቹ የተነሣ ነው። ጉድለቱስ? ውኃ የተኛበት መሬት አይስማማውም። ፍሬውን ወፎች ስለሚያሠራጩት በአንዳንድ ሀገሮች፣ ለምሳሌ በሰሜን አውስትራሊያ፣ ከቁጥጥር ውጭ የወጣ አረም ሆኗል።

የድሬ ዳዋ ዛፍ በውበቱ አቻ የለውም፤ አክሊሉም ሰፊ ነው። ነገር ግን በደረቅ ሥፍራ ለተወሰኑ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፣ ቅርንጫፉ በንፋስ ይሰበራል፣ ሥሩም ላይ ላዩን ስለሚሄድ የእግረኛ መንገድን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ቦታው አደባባይና መናፈሻ እንጂ የጠባብ መንገድ ዳር አይደለም። የሚያስገርመው ይህ ዛፍ በሀገራችን በተፈጥሮ የሚበቅል ዘመድ ያለው መሆኑ ነው፤ እርሱም አበባው ነጣ ያለው ዴሎኒክስ ኢላታ ነው። የቅርብ ዘመዱ በራሳችን ቆላ ሳለ በችግኝ ጣቢያዎች ብዙም ቦታ አላገኘም።

ከሀገር በቀሎቹ መካከል ሮቃ ቀዳሚ ተወዳዳሪ ነው። በምሥራቁ ክፍል ሁመር በመባልም ይታወቃል፤ ከጎምዛዛ ፍሬው መጠጥ ይዘጋጃል። ሥሩ ጥልቅ፣ ግንዱ ንፋስን የሚቋቋም፣ ቅጠሉም አብዛኛውን ጊዜ የማይረግፍ ነው፤ ዕድሜውም ከመቶ ዓመት ይዘላል። ጉድለቱ እድገቱ ዝግ ማለቱ ነው። የዛሬው ተካይ ሙሉ ጥላውን ላያይ ይችላል። ቁርቁራና በደኖም ድርቅን በእጅጉ የሚቋቋሙ፣ ፍሬያቸው የሚበላ ዛፎች ናቸው፤ እሾሃቸው ግን ለትምህርት ቤት በር አይመችም። ጃንጥላ መሰሉ ግራር ለሰፊ ሜዳና ለተራራ ግርጌ የተፈጠረ ያህል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቀድሞ አካሽያ ቶርቲሊስ የነበረ ሲሆን፣ የዕፅዋት ስያሜ ከተሻሻለ ወዲህ ቫቼሊያ ቶርቲሊስ ተብሏል። ባምባና ዋርካ ግዙፍ ጥላ ይሰጣሉ፤ ውኃ ፍለጋ የሚጓዘው ሥራቸው ግን የውኃና የፍሳሽ ቧንቧን ስለማይምር ከሕንፃና ከመስመር ርቀው ሊተከሉ ይገባል።

እንግዲህ «ምርጡ ዛፍ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። መልስ የሚኖረው «ለዚህ ቦታ፣ ለዚህ አገልግሎት፣ በዚህ ውኃ የሚስማማው የትኛው ነው?» ሲባል ነው። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አጭር ዛፍ፣ በገበያ ውስጥ እሾህ የሌለው፣ በመናፈሻ ሰፊው፣ በዳገት ላይ ጥልቅ ሥር ያለው ይመረጣል።

የፕሮሶፒስ ትምህርት

ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የምርምር ጽሑፎች እንደሚጠቅሱት ቀደምት ከሆኑት የመግቢያ ሥፍራዎች አንዱ በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ በድሬ ዳዋ የሚገኘው የጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነበር። በጊዜው የነበረው አሳብ መልካም ነበር። ድርቅን የሚችል፣ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ማገዶና መኖ የሚሰጥ፣ የአፈር መሸርሸርን የሚገታ ዛፍ ተፈለገ። ፕሮሶፒስ ሁሉንም መሥፈርት አሟላ። ሥሩ እጅግ ጥልቅ ነው፤ በአሜሪካ በአንድ የማዕድን ማውጫ ውስጥ የዚህ ወገን ዛፍ ሥር ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኝቷል።

ያልተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ከተከልንበት ሥፍራ ቢወጣስ? ጣፋጭ ፍሬውን ፍየል፣ ከብትና ግመል ይበሉታል። ዘሩ በሆዳቸው ውስጥ ሳይፈጭ ያልፍና ከእበት ጋር በየሄዱበት ይወድቃል፤ እበቱም ማዳበሪያ ይሆነዋል። ሲቆረጥ ከአፈር በታች ካሉ እምቡጦች እንደገና ያቆጠቁጣል። ጥቅጥቅ ባለው ጫካው ሥር ሣር አይበቅልም። በዚህ መንገድ ተስፋፍቶ በአፋር ክልል ብቻ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሯል። አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬቱን፣ ከብቶቹም የውኃ መንገዳቸውን አጡ።

ከዚህ የምንማረው መጤ ዛፍ ሁሉ ጠላት ነው ማለት አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት እንዳዳናት ይነገራል። የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድርቅን መቋቋም፣ ፈጥኖ ማደግና በቀላሉ መራባት ለተካይ በጎ ጠባያት ቢሆኑም፣ እነዚሁ ጠባያት ወራሪንም ወራሪ ያደርጉታል። ሁለተኛ፣ የምርጫው ዋጋ የሚከፈለው በመራጩ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ በሌላ ሥፍራ በሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ ማንኛውም የዛፍ ምርጫ ከመጽደቁ በፊት ዘሩ እንዴት እንደሚሠራጭ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሁሉን በአንድ ዛፍ?

ኒም ይህን ያህል ከተስማማ ለምን ከተማውን በሙሉ ኒም አንተክልበትም? መልሱን በምዕራብ አፍሪካ እናገኘዋለን። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ዓመታት በቻድ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ሀገሮች ልክ እንደ እኛ መንገዶቻቸውን በኒም የሞሉ ከተሞች ነበሩ። ከእስያ የመጣ ጥቃቅን ነፍሳት የኒሙን ጭማቂ እየመጠጠ ብዙ ዛፎችን አደረቀ። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ባለበት አንድ ተባይ የከተማን ጥላ በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል።

ይህን ሥጋት ለመቀነስ አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍራንክ ሳንታሙር እ.ኤ.አ. በ1990 ቀላል ሕግ አቀረበ። በአንድ ከተማ ካሉት ዛፎች ከ10 በመቶ በላይ የአንድ ዝርያ፣ ከ20 በመቶ በላይ የአንድ ወገን፣ ከ30 በመቶ በላይ የአንድ አስተኔ መሆን የለባቸውም። አስተኔ የምንለው ተቀራራቢ ወገኖችን የሚያሰባስበውን የምደባ ደረጃ ነው።

ሕጉን ለድሬ ዳዋ ስናውለው አንድ አስቸጋሪ ነገር ይገጥመናል። የድሬ ዳዋ ዛፍ፣ ሮቃ፣ ግራርና ፕሮሶፒስ ሁሉም የአተርና የባቄላ አስተኔ አባላት ናቸው። በስም አራት፣ በአበባ አራት ቢሆኑም በአስተኔ አንድ ናቸው። ስለዚህ የ30 በመቶውን ጣሪያ ሳይታወቀን ልናልፍ እንችላለን። በአስተኔ የሚለዩትን ቁርቁራን፣ በደኖን፣ ሽፈራውንና የባምባ ዘመዶችን መጨመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሳንታሙር ሕግ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ በረሃማ ሥፍራ የሚስማሙት ዝርያዎች ጥቂት በመሆናቸው በቁጥሩ ልክ መፈጸም ሊያዳግት ይችላል። የሚያሳየው አቅጣጫ ግን ትክክል ነው።

ደቻቱና የዛፍ አቅም

ስለ ድሬ ዳዋ ዛፍ ሲነሣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. መዘንጋት የለበትም። በዚያ ሌሊት ከደጋው የወረደው ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚኖረውን ደቻቱን ሞልቶ ከተማው ውስጥ ገባ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጡ።

ዛፍ ጎርፍን ይከላከላልን? መልሱ እንደ ቦታው ይለያያል። በተፋሰሱ አናት፣ በሐረርጌ ተዳፋት ላይ የሚገኝ ዛፍና ቁጥቋጦ የዝናቡን ጠብታ ይሰብራል፤ ሥሩ አፈሩን እየከፈተ ውኃው ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ይረዳል፤ የውኃውንም ፍጥነት ይቀንሳል። በወንዙ ዳርቻ ያለው ደግሞ ዳርቻውን ከመናድ ይጠብቃል። በወንዙ መውረጃ መሐል የተተከለ ዛፍ ግን ጉዳት ያመጣል፤ ግንዱ ተነቅሎ ከድልድይ ሥር ሲሰነቀር ውኃውን አግቶ ወደ ሠፈር ይመልሰዋል። ከመጠን ባለፈ ዝናብ ጊዜም አፈሩ ከጠገበ በኋላ የዛፍ አቅም ውስን ነው። ስለዚህ ዛፍ የጎርፍ መከላከያ ግድግዳንና የማስጠንቀቂያ ሥርዓትን ያግዛል እንጂ አይተካም። «ዛፍ ተክለናልና ደኅና ነን» ብሎ በወንዙ ዳር ቤት መሥራት አደገኛ ነው።

መራጩ ማን ይሁን?

በብዙ የውጭ ከተሞች «የዛፍ ቦርድ» የሚባል አካል አለ። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 በተጀመረው «የዛፍ ከተማ» መርሐ ግብር ዕውቅና ለማግኘት አንድ ከተማ አራት መሥፈርት ማሟላት አለበት፤ እነርሱም የዛፍ ቦርድ ወይም ክፍል፣ የዛፍ እንክብካቤ ደንብ፣ በነፍስ ወከፍ ቢያንስ 2 ዶላር የሆነ ዓመታዊ በጀት፣ እንዲሁም ዓመታዊ የዛፍ ቀን ናቸው። ልብ እንበል፤ ከአራቱ የተከላ በዓል አንዱ ብቻ ሲሆን ሦስቱ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ሕግና ስለ ገንዘብ የሚናገሩ ናቸው።

በሀገራችን ትልቁ ጉልበት ያለው በተከላው ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን መንግሥት አስታውቋል። ይህን ያህል ሕዝብ ለዛፍ መነሣቱ ትልቅ ሀብት ነው። ይህ ሀብት ጥላ የሚሆነው ግን ከተከላው ማግስት ጀምሮ ባሉት ሦስት ዓመታት ነው። ስለዚህ ሊመዘገብ የሚገባው የተተከለው ብቻ ሳይሆን የጸደቀውም ቁጥር ነው።

ድሬ ዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር ያላት አስተዳደር ናት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ የሚመለከተውን የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት በሚመለከት ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ በየቀበሌው የዛፍ ኮሚቴ ለማቋቋም የሕግ መሠረት አይጠፋም ብለን እናምናለን። ማኅበራዊ መሠረቱማ ከጥንትም አለ። ዕድርና አፎቻ ቀብርና ድግስ ለማስተናበር የሚጠቀሙበት የመዝገብ፣ የመዋጮና የተራ ሥርዓት ችግኝ ለማጠጣትም ይሆናል። ከእነርሱ ጋር የዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት መምህራን፣ የውኃና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ የገበያ ሴቶችና የትምህርት ቤት ክበባት ቢቀመጡ የተሟላ ይሆናል። በጉሊት ቀኑን ሙሉ የምትቀመጥ እናት ጥላው በስንት ሰዓት የት እንደሚወድቅ ከማናችንም በተሻለ ታውቃለችና።

የእንዲህ ዓይነት ኮሚቴ ሥራ ብዙ አይደለም። ያሉትን ዛፎች በዝርያና በጤና መመዝገብ፣ ለመንገድ፣ ለገበያ፣ ለመናፈሻና ለዳገት የሚስማሙትን ለይቶ ዝርዝር ማውጣት፣ ወራሪ ሊሆኑ የሚችሉትን መከልከል፣ ያለ በቂ ምክንያት የሚደረግን ቆረጣ መቆጣጠር፣ በየዓመቱም የጸደቀውን መጠን ለሕዝብ መግለጽ ነው።

ለተማሪዎች የምናቀርበው ሥራ

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ በምትኖሩበት ሠፈር አንድ መቶ ዛፍ ቁጠሩ። እያንዳንዱን በዝርያው መዝግቡ፤ ከዚያም የ10፣ 20 እና 30 በመቶውን ሕግ ሥሩበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በጥላ ሥር ያለውንና በፀሐይ ላይ ያለውን የአስፋልት ሙቀት ለክታችሁ አወዳድሩ። ባለፈው ክረምት ከተተከሉት ችግኞች ስንቱ እንደጸደቀ፣ የደረቀውም በውኃ እጦት፣ በፍየል ወይም በመኪና መሆኑን ለዩ። ውጤታችሁን ለትምህርት ቤታችሁ ክበብና ለቀበሌያችሁ አቅርቡ፤ እንዲህ ያለ ቀላል መረጃ በብዙ ሥፍራ ተሰብስቦ አይገኝም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በሐምሌ የሚተከለው ችግኝ ዘሩ በችግኝ ጣቢያ የሚፈስሰው ከብዙ ወራት አስቀድሞ ነው፤ እንደ ሮቃና በደኖ ያሉት ዝግ ብለው የሚያድጉ ዛፎች ደግሞ ከሌሎቹ ቀድመው መዘራት አለባቸው። የተከላው ቀን ሲደርስ የሚታደለው በጣቢያው የተገኘው ነው፤ በዚያን ቀን «ለምን ኒም ብቻ?» ብሎ መጠየቅ ጊዜው ያለፈ ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ክረምት የድሬ ዳዋን ጥላ መምረጥ የሚፈልግ ሁሉ ዝርዝሩን ይዞ ወደ ችግኝ ጣቢያ መሄድ ያለበት በጥቅምትና በኅዳር ነው።